ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን፦ የቤት እንስሳ ሲሞት

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ።)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ የረጅም ጊዜ ባልደረባዬ ቢሮዬ ገብቶ፣ «ስለ ውሻ ለቅሶ ልትናገር ነው የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እውነት መሆኑን ስነግረው ሳቀ። አልተቀየምኩትም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእርሱ ቦታ ብሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው እንዲህ ያለው ሳቅ በሐዘን ላይ ባለ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ነው። የቤት እንስሳ ሞት ለምን እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱን የሚያከብደው ምን እንደ ሆነ፣ ምንስ እንደሚያቀለው በቅደም ተከተል አነሣለሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ በቤታችን ዐሥራ ሦስት ዓመት የኖረ ውሻ ሞተ። ስሙ ቦቢ ነበር። ወደ ቤታችን የመጣው ሴት ልጄ ሰባት ዓመት ሲሆናት ነው፤ ሲሞት እርሷ የሃያ ዓመት ወጣት ሆና ለትምህርት ጀርመን ሄዳ ነበር። ያከመው የእንስሳት ሐኪም ኩላሊቶቹ ሥራ እያቆሙ መሆናቸውን ገልጾ ሁለት ምርጫ አቀረበልኝ፤ ሕመሙን እያስታገሡ መጨረሻውን መጠበቅ፣ አለዚያም በመርፌ ያለ ሥቃይ እንዲያልፍ ማድረግ። ሁለተኛውን መረጥኩ። ለልጄ የደወልኩላት ከተቀበረ በኋላ ነው። «ቦቢ ሞተ፤ መቼም አርጅቶ ነበር፤ ስትመጪ ሌላ እናመጣለን» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ «አባዬ፣ የት ቀበራችሁት? በምን ጠቀለላችሁት? ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር?»

በጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር መቀበሩን ነገርኳት። በማዳበሪያ ከረጢት መጠቅለሉን ነገርኳት። ለሦስተኛው ጥያቄ ግን የምኮራበት መልስ አልነበረኝም። መርፌው ሲወጋ እኔ ሒሳብ ልከፍል ወጥቼ ነበር፤ ራሱን ደግፈው የያዙት የግቢያችን ጥበቃ ናቸው። ይህን ስትሰማ ስልኩን ዘጋችው። ለሦስት ሳምንት ስደውል አላነሣችም።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ሐዘን ሥነ ልቡና ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ለተማሪዎቼ «ሐዘንተኛን በሌላ ይተካል ብላችሁ አታጽናኑ» እያልኩ ኖሬ፣ ልጄን ላጽናና የሞከርኩት በዚያው በከለከልኩት ቃል ነው። የጠየቀቻቸውን ጥያቄዎች ልብ በሉ። ማናችንም ብንሆን ዘመድ በሩቅ አገር ሲሞትብን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። እርሷ ለቅሶ ላይ ነበረች፤ እኔ ግን ስለ አንድ ያረጀ ንብረት የማወራ መስሎኝ ነበር።

ሐዘኑ ከየት ይመጣል?

እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ስለ ሰው ልጅ ቁርኝት የጻፈውን ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1980 የወጣው ሦስተኛው ቅጽ የሚያተኩረው በማጣት ላይ ነው። የሥራው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሐዘን የቁርኝት ሌላው ገጽ ነው። ከአንድ ፍጡር ጋር ስንቆራኝ ቅርበቱ ያረጋጋናል፣ መራቁ ያሳስበናል፤ ሲጠፋ ደግሞ አእምሯችን መጥፋቱን እስኪቀበል ድረስ መፈለጉን ይቀጥላል። ቦውልቢ የጻፈው ስለ ሰውና ሰው ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ይኸው ማዕቀፍ ሰው ከቤት እንስሳው ጋር ያለውንም ትስስር ለማስረዳት እንደሚጠቅም አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ረዘም አድርገው ሲተያዩ በሁለቱም ዘንድ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን መጠን እንደሚጨምር አመልክተዋል። ይህ ሆርሞን እናትና ሕፃን በሚቆራኙበት ሂደት ውስጥም ድርሻ ያለው ነው።

ከዚህ የምንማረው የሐዘን ብርታት የሚለካው በሟቹ ማዕርግ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ሟቹ በዕለት ኑሯችን ውስጥ የያዘው ስፍራም ይለካዋል። በዓመት አንድ ጊዜ የምናየው አጎት ሲሞት ከልብ እናዝናለን፤ ነገር ግን በማግስቱ ቁርሳችንን የምንበላበት ሁኔታ አይለወጥም። ዐሥራ ሦስት ዓመት በር ላይ የተቀበለን ውሻ ሲሞት ግን በሩን በከፈትን ቁጥር እናጣዋለን። ትራፊ ሲተርፍ፣ ከሥጋ ቤት አጥንት ሲመጣ፣ ሌሊት ኮሽታ ስንሰማ፣ አካላችን የለመደውን ይጠብቃል። የቤት እንስሳ የሞተበት ሰው «የሚረግጥበትን ድምፅ ሰማሁ» ቢል አእምሮው ተናግቷል ማለት አይደለም። ፍለጋው ገና አላበቃም ማለት ነው።

በተጨማሪም እንስሳ አይፈርድም። ፈተና ብንወድቅ፣ ሥራ ብንፈታ፣ ብናረጅ አቀባበሉ አይለወጥም። ስለዚህ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር የሄዱባቸው ወላጆች፣ ሌሊቱን በበር ላይ የሚያሳልፉ የጥበቃ ሠራተኞች እንስሳቸው ሲሞት የቀኑን ብቸኛ ጭውውታቸውን የሚያጡበት ጊዜ አለ።

የፈረንጅ ነገር ነውን?

በዚህ ቦታ ዘወትር የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ለእንስሳ ማዘን የጥጋብ ዘመን ፈጠራ ነው፤ ከውጭ የመጣ ነው» ይባላል። ታሪክ ይህን አይደግፍም።

እ.ኤ.አ. በ1914 በጀርመን ቦን አጠገብ በኦበርካሰል የድንጋይ ማውጫ ውስጥ የተገኘ መቃብር አለ። ዕድሜው 14,000 ዓመት ገደማ ይገመታል። በውስጡ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንድ ውሻ አብረው ተቀብረዋል። በ2018 የታተመ የጥርስ ጥናት ውሻው ገና ቡችላ ሳለ በጽኑ ታሞ እንደ ነበርና ያለ ሰው እንክብካቤ ያን ያህል ሊቆይ እንደማይችል አመልክቷል። ታሞ ሳለ ለአደን አይጠቅምም፤ ነገር ግን አስታመሙት። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በጥንታዊቷ የግብፅ ወደብ በበረኒቄ ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ምእተ ዓመት የሆነ የእንስሳት መካነ መቃብር በቁፋሮ ተገኝቷል። ከአምስት መቶ በላይ እንስሳት፣ በአብዛኛው ድመቶች፣ እየተለዩ ተቀብረውበታል፤ አንዳንዶቹ የአንገት ጌጣቸውን እንዳደረጉ ናቸው።

ከራሳችን ቤት እንመልከት። አፄ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ዮሐንስን «አባ በዝብዝ»፣ አፄ ምኒልክን «አባ ዳኘው» ብለን የምንጠራው በፈረስ ስማቸው ነው። ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራ ዘንድ የወደደ ሕዝብ በሰውና በእንስሳ መካከል ያለውን ትስስር አያውቅም ሊባል አይችልም። ገበሬው በሬውን ቦራ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ እያለ በመልኩ ሰይሞ ይጠራዋል፤ ሲያርስ ያናግረዋል፣ ያዜምለታል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው ክፉ ቀን የከብት በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ሲፈጅ፣ ገበሬው ያጣው የእርሻ ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን በስም የሚጠራቸውን ባልንጀሮቹንም ጭምር ነው።

በሃይማኖት መጻሕፍትም እናገኘዋለን። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሲገሥጽ የመረጠው ምሳሌ የአንድ ድኃ ሰው በግ ናት፤ ከእንጀራው የምትበላ፣ ከጽዋው የምትጠጣ፣ እንደ ልጁ የሆነች በግ። ዳዊት የተቆጣው የበጓን ዋጋ አስልቶ አይደለም። ምሳሌው የሠራው ሰሚው ድኃው ምን እንዳጣ ወዲያው ስለ ገባው ነው። በቁርአን የዋሻው ባልደረቦች ታሪክ ውስጥም ውሻቸው በደጃፉ ተዘርግቶ አብሯቸው ተጠቅሷል። ስሜቱ እንግዳ አይደለም። በእኛ ዘንድ የጎደለው ስሜቱ የሚገለጥበት ወግ ነው።

ዕውቅና የተነፈገ ሐዘን

አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ጽንሰ ሐሳብ አስተዋወቀ፤ እኔ በአማርኛ «ዕውቅና የተነፈገ ሐዘን» እለዋለሁ። ማኅበረሰብ ማን፣ ለማን፣ ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ዐይነት መንገድ ማዘን እንደሚገባው የሚወስን ያልተጻፈ ሕግ አለው። ከዚህ ሕግ ውጭ የሆነ ሐዘንተኛ ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንዱ ሐዘኑ ነው፣ ሁለተኛው ሐዘኑን የመደበቅ ግዴታ ነው። ዶካ የነፈጋውን መንገዶች ሲዘረዝር ሦስቱን በቀዳሚነት ያስቀምጣል፦ ግንኙነቱ ዕውቅና ሲያጣ፣ ያጣነው ነገር ዕውቅና ሲያጣ፣ ሐዘንተኛው ራሱ ዕውቅና ሲያጣ። የቤት እንስሳ ሞት ሦስቱንም ሊያሟላ ይችላል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሐዘንን በማስተናገድ ረገድ ባለጸጎች ነን። እድር አለን፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፤ ለቅሶ ደራሹ ምንም ባይናገር እንኳ ተቀምጦ ይውላል፤ ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ እያልን ሐዘኑን በጊዜ እንከፋፍለዋለን። ይህ ሥርዓት ለሐዘንተኛው ቦታ፣ ጊዜና ምስክር ይሰጠዋል። ወጋችን እንዲህ የበለጸገ በመሆኑም ከወጉ ውጭ የቀረው ሰው ብቸኝነት ይጠናበታል። ለሰው «ዐረፉ» እንላለን፣ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንላለን። ለእንስሳ ያለን የማጽናኛ ቃል «ለነፍስህ ቤዛ ይሁን» የሚል ነው። መልካም ቃል ነው፤ በአንተ ሊመጣ የነበረው በእርሱ ሄደ ማለት ነው። ለንብረት ሲሆን ያጽናናል። እንስሳውን ይወድ የነበረን ሰው ግን እንዲያመሰግን እንጂ እንዲያዝን አይፈቅድለትም።

የሙያችን መጻሕፍትም ከዚህ ነጻ አይደሉም። የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም የሚመዘግቡት ሁለቱ ታላላቅ የምርመራ መመሪያዎች፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዐሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባና በ2022 ተሻሽሎ የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ሟቹ ሰው መሆን እንዳለበት በትርጓሜያቸው ያስቀምጣሉ። ለዚህ ገደብ በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ሐዘንን ሁሉ በሽታ ማድረግ አይገባም። ነገር ግን አንድ ሐኪም ገደቡን ይዞ «ይህ ሐዘን አይደለም» ወደሚል ድምዳሜ ቢሄድ ተሳስቷል።

የአሟሟቱም ሁኔታ ዕውቅና ይነፍጋል። በከተሞቻችን የእብድ ውሻ በሽታን ለመከላከል ሲባል ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ ሲወገዱ ኖረዋል። በሽታው ገዳይ ስለ ሆነ ስጋቱ ተገቢ ነው። ሆኖም በር ተከፍቶ የወጣ ውሻዋን ጠዋት አስፋልት ዳር ሞቶ ያገኘች ሕፃን በአንድ በኩል ስለ ጤና ትምህርት ይሰጣታል፤ ስለ ሐዘኗ ግን ማንም አይጠይቃትም።

ሐዘንተኛው ራሱ የሚዘነጋበትን ሁኔታ ለማየት ደግሞ ከግቢዬ መራቅ አላስፈለገኝም። ጥበቃችን ያን ውሻ ከማናችንም በላይ አብረውት ነበሩ፤ ሌሊቱን ሁሉ። መቃብሩንም የቆፈሩት እርሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን የጉድጓድ ዋጋ ብዬ ገንዘብ ሰጠኋቸው፤ «እንዴት ሆኑ?» ብዬ ግን አልጠየቅኋቸውም።

የጥፋተኝነት ስሜት

ይህን ሐዘን ከሰው ሞት ሐዘን የሚለየው አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ውሳኔው ብዙ ጊዜ በእጃችን ነው። ሕክምናውን ለመቀጠል ወይም ለማቆም፣ ለመክፈል ወይም «አቅሜ አይፈቅድም» ለማለት፣ በመርፌ እንዲያልፍ ለመፍቀድ ወይም ለመከልከል የምንወስነው እኛ ነን። በሽተኛው ደግሞ ፈቃዱን ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ «ቸኮልኩ ይሆን?» እና «ዘገየሁ ይሆን?» የሚሉ ሁለት ተቃራኒ ክሶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ። በአገራችን የፈጣሪን ሥራ በእጅ የመውሰድ ፍርሃት ሲጨመርበት ክሱ ይከብዳል።

በምክር አገልግሎት ልምዴ ለዚህ ክስ «ጥፋት የለብህም» የሚል ፈጣን መልስ ብዙ እንደማይረዳ ተገንዝቤአለሁ። የሚረዳው ውሳኔው በተወሰነበት ሰዓት የምናውቀው ምን እንደ ነበር በዝርዝር መናገር ነው። ዛሬ በምናውቀው የትናንትን ውሳኔ መፍረድ ቀላል ነው። ደግሞም ሁሉም ጥፋት ሐሰተኛ አይደለም። እኔ መርፌውን በመምረጤ አልጸጸትም፤ ከክፍሉ በመውጣቴና ልጄን አስቀድሜ ባለማማከሬ ግን እጸጸታለሁ። ሁለቱን መለየት ለእኔ ጠቃሚ ነበር። የመጀመሪያው ማብራሪያ፣ ሁለተኛው ይቅርታ ይፈልጋል።

ምን ይረዳል?

ተማሪዎቻችን ስለ ሐዘን ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የኤሊዛቤት ኩብለር ሮስን አምስት ደረጃዎች ይደረድራሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው መጽሐፏ የተመሠረተው ሞት ከቀረባቸው ሕሙማን ጋር በተደረገ ውይይት ላይ መሆኑን አትርሱ። ሐዘንተኛ በየተራ የሚወጣው መሰላል አይደለም። ይልቅ የሚረዳን በኔዘርላንድስ ይሠሩ የነበሩት ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። እንደ እነርሱ አገላለጽ ጤናማ ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ሐዘኑ ይመለሳል፣ ሌላ ጊዜ ወደ ኑሮው። ጠዋት ያለቀሰ ሰው ከሰዓት በኋላ ቢስቅ ሐዘኑ ውሸት አይደለም። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እመክራለሁ።

አንደኛ፣ በግልጽ ተናገሩ። በተለይ ለልጆች የእንስሳ ሞት ብዙውን ጊዜ ከሞት ጋር የመጀመሪያ ትውውቃቸው ነው። «ተኛ» ከተባሉ እንቅልፍ ሊፈሩ ይችላሉ፤ «ገጠር ሄደ» ከተባሉ ይጠብቃሉ፣ እውነቱን ሲደርሱበት ደግሞ እኛን ማመን ይተዋሉ። «ሞተ፤ ከእንግዲህ አይመለስም፤ እኛም አዝነናል» ማለት ይበቃል። ሩቅ ላለ የቤተሰብ አባልም ቢሆን ከተቻለ ከመሞቱ በፊት መንገር ይገባል።

ሁለተኛ፣ አነስተኛ ወግ አብጁለት። ድንኳን ይተከል አልልም። ቤተሰቡ አብሮ ይቅበረው፣ ድንጋይ ይደረግበት፣ ችግኝ ይተከልበት፣ ያን ምሽት ቡና ተፈልቶ ስለ እርሱ ይወራ። ሐዘን ቦታ፣ ጊዜና ምስክር ይፈልጋል ብዬ ነበር፤ ሦስቱም በአንድ ስኒ ቡና ዙሪያ ሊገኙ ይችላሉ። በእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረ እንስሳ ከሆነ ግን ሬሳውን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰውም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ሦስተኛ፣ ለመተካት አትቸኩሉ። በማግስቱ የሚመጣ ቡችላ የሟቹን ስፍራ ይዞ እንዲገኝ ይጠበቅበታል፤ ይህ ለእርሱም ለሐዘንተኛውም ፍትሐዊ አይደለም። ጊዜው ሲደርስ የሚመጣው እንስሳ በራሱ ስም ይምጣ።

አራተኛ፣ ማስታወስን አትፍሩ። ክላስ፣ ሲልቨርማንና ኒክማን በ1996 ባሳተሙት ሥራ እንዳስረዱት የሐዘን ግብ ከሟቹ ጋር ያለንን ትስስር መበጠስ አይደለም፤ በሌላ መልክ መያዝ ነው። ፎቶግራፉን መስቀል፣ ታሪኩን መተረክ ጤናማ ነው። ሐዘኑ ግን ወራት እየቆጠረ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ትምህርትን ወይም ሥራን ካወከ፣ ወይም የመኖር ፍላጎትን ከነካ፣ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ «ውሻ ስለ ሞተብኝ» ብሎ ለመናገር ማፈር አይገባም።

ሰው በሚሞትበት አገር

አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እርሱ ነው። «ጦርነትና ረኀብ ሰው በሚጨርስበት አገር ስለ ውሻ ሐዘን መናገር አያሳፍርምን?» ይህን የሚለኝ ሰው ልጁን ወይም ወንድሙን ቀብሮ ሊሆን ስለሚችል በችኮላ አልመልስለትም። የውሻ ሞት ከሰው ሞት ጋር እኩል ነው አልልም፤ አይደለምም። ነገር ግን ሐዘን ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚጎድል ራሽን አይደለም። ልጅን ለትንሽ ሐዘኗ የሰማት ቤተሰብ ለትልቁም ሐዘን መስማትን ይለማመዳል። እኔ ለትንሹ ጆሮ ስነፍግ ልጄ ትልቁንም እንዳትነግረኝ እያስተማርኳት ነበር። ያስደነገጠኝም ይህ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ስልኩን አነሣች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የጠየቅሽኝን ሊመልሱልሽ የሚችሉት እርሳቸው ናቸው ብዬም ስልኩን ለጥበቃችን ሰጠኋቸው። እንዲህ እንዲህ ሆነ ብለው ነገሯት፤ ራሱን በጭናቸው ላይ አድርገው በስሙ ሲጠሩት እንደ ነበር፣ ብዙም እንዳልቆየ። ከዚያም እኔ የማላውቀውን ነገሯት። ውሻው በማዳበሪያው ከመከተቱ በፊት በራሳቸው አሮጌ ጋቢ ጠቅልለውት ነበር። ከሞተ በኋላም ሳምንት ያህል ማታ ማታ ከራታቸው ቁራሽ ማስተረፋቸውን እንዳልተዉ ነገሯት። በስልኩ ውስጥ ልጄ ስታለቅስ ትሰማኝ ነበር፤ እርሳቸውም ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ሦስት ሐዘንተኞች እንደ ነበርን ያወቅሁት በዚያን ዕለት ነው። ከመካከላቸው አንዱ እኔ ነበርኩ።